ከዝቋላ የወረደው ጭንና ስምንት ወር ያመመው ትከሻ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 47 ነው፤ ደብረ ዘይት ውስጥ ልብስ በመስፋት እተዳደራለሁ። ለመጋቢት አቦ ዝቋላን ወጥቼ ወረድሁ። በዕለቱ ከድካም በቀር ምንም አልተሰማኝም ነበር፤ በማግሥቱ ጭኔ መያዝ ጀመረ፣ በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውረድ አቃተኝ። እርሱ በሳምንቱ ለቀቀኝ። ያልለቀቀኝ የቀኝ ትከሻዬና ማጅራቴ ነው፤ ስምንት ወር ሆነው፤ አንዳንድ ቀን ወደ ጆሮ ግንዴ ይወጣና ራሴን ያመኛል። ራጅ ተነሥቼ «ምንም የለም» ተባልሁ። ጎረቤቶቼ ብርድ ነው ይሉኛል፤ አንድ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ የነርቭ መርፌ እንድወጋ መከረኝ፤ እኅቴ ደግሞ ወጌሻ ዘንድ ካልወሰድሁሽ ትለኛለች። ምንም ከሌለ ለምን ያመኛል? ነርቬ ሞቶ ይሆን? የጨጓራ ሕመምም አለብኝ።

መልስ፦ ውድ እኅቴ፣ አስቀድሜ ያስጨነቀዎትን ጥያቄ ልመልስ። ነርቭዎ አልሞተም፤ የሞተ ነርቭ መልእክት አያደርስም፣ የሚያስከትለውም መደንዘዝንና መስነፍን ነው። ሕመምዎም ከሐሳብ የመጣ አይደለም። ራጅ በዋናነት አጥንትን የሚያሳይ ምርመራ ነው፤ ጡንቻን በሚገባ አያሳይም፣ በጡንቻው ውስጥ የተሠራጩትን የነርቭ ጫፎች ደግሞ ጨርሶ ሊያሳይ አይችልም። ስለዚህ «ምንም የለም» የተባለው ስለ አጥንትዎ ነው። እርሱ በራሱ መልካም ዜና ነው፤ ነገር ግን የሚያምዎት ምን እንደሆነ ሳይነገርዎት ወደ ቤት መመለስዎ አሳዝኖኛል። ስምንት ወር ሙሉ «ምንም የለም» እና «ነርቭ ነው» በሚሉ ሁለት ቃላት መካከል መቆየት ከሕመሙ ያልተናነሰ ሸክም ነውና፣ ነገሩን ከመሠረቱ ላስረዳዎት እሞክራለሁ።

በአነጋገራችን «ሥር» የሚለው ቃል የደም ሥርንም፣ ጅማትንም፣ ነርቭንም ሲያጠቃልል ኖሯል፤ «ሥሬ ዞረብኝ» ወይም «ሥሬ ተሳሰረ» ስንል ከሦስቱ የትኛውን ማለታችን እንደሆነ አንለይም። በሐኪም ቋንቋ ግን ሦስቱ የተለያዩ ናቸው፤ ነርቮቹም ራሳቸው ዓይነታቸው ብዙ ነው። በጡንቻዎ ውስጥ ያሉት አንዳንዶቹ ጡንቻው ምን ያህል እንደተሳበና እጅዎ የት እንዳለ ለአንጎል የሚያሳውቁ ናቸው፤ መርፌውን ሳያዩ ክሩን ለመሳብ የሚያስችሉዎት እነርሱ ናቸው። እነዚህ ወፍራምና ፈጣን ሲሆኑ ከሕመም ጋር በቀጥታ የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ሌሎቹ እጅግ ቀጭን ናቸው፤ ጫፋቸው በምንም ነገር ያልተሸፈነ ነው፤ በትንንሾቹ የደም ሥሮች ዙሪያና ጡንቻውን በሚጠቀልለው ስስ ሽፋን ውስጥ እንደ ሣር ሥር ተበታትነው ይገኛሉ። እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ቻርልስ ሼሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1906 ኖሲሴፕተር ብሎ የጠራቸው እነዚህን ነው፤ ስሙ «መጉዳት» ከሚል የላቲን ቃል የተገኘ ነው። እኛ ጉዳት ጠቋሚ ብንላቸው ከትርጉሙ አንርቅም። ከእነርሱ መካከል እጅግ ቀጭን የሆኑት መልእክታቸውን የሚያደርሱት በሰከንድ ከግማሽ እስከ ሁለት ሜትር ብቻ በሚደርስ ፍጥነት ስለሆነ፣ ከባትዎ የተነሣ ምልክት ኅብለ ሰረሰር ለመድረስ አንድ ሰከንድ ያህል ሊፈጅበት ይችላል። የጡንቻ ሕመም እንደ መርፌ ውጊያ ስል ሆኖ በአንድ ነጥብ ላይ የማይቆምበት፣ ይልቁንም ደብዛዛ፣ ሰፊና «እዚህ ጋ ነው» ብሎ በጣት ለማሳየት የሚያስቸግር የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

እነዚህ ጫፎች ዝም ብለው የሚያለቅሱ አይደሉም። በገጻቸው ላይ እያንዳንዳቸው የተለየ ነገር ሲደርስባቸው የሚከፈቱ ጥቃቅን በሮች አሏቸው፤ የነርቭ ተቀባይ የሚባሉት እነርሱ ናቸው። አንዱ አሲድ ሲበዛ ይከፈታል። ሌላው ኤቲፒ የተባለው የሕዋስ ኃይል ሰጪ ንጥረ ነገር ከተጎዳ ሕዋስ ሲፈስስ ይነቃል። ሌሎች ደግሞ ጡንቻ ሲቆጣ የሚመነጩትን ብራዲካይኒንንና ፕሮስታግላንዲንን ይቀበላሉ። ከሁሉም ለእኛ ቤት የሚቀርበው ዴቪድ ጁሊየስ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ለይቶ ያወጣው በር ነው፤ እርሱም በበርበሬና በሚጥሚጣ ውስጥ ባለው የሚያቃጥል ንጥረ ነገር፣ እንዲሁም 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ ሙቀት የሚከፈት ነው። ሚጥሚጣ አፍን «የሚያቃጥለው» አንዳች ነገር ስለሚያቃጥል አይደለም፤ ለእሳት የተሠራውን በር ስለሚከፍት ነው። ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማትን ያገኘው፣ የመነካትንና የግፊትን ተቀባዮች ካገኘው ከአርዴም ፓታፑቲያን ጋር ነው። ይህን የማነሣው ስሞችን ለመደርደር ሳይሆን፣ ምንም ጉዳት በሌለበት እውነተኛ የማቃጠል ስሜት ሊኖር እንደሚችል ማንኛውም ምግባችንን የበላ ሰው በምላሱ የሚያውቀው ነገር በመሆኑ ነው። የትከሻዎ ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም።

አሁን ወደ ዝቋላ እንመለስ። ተራራውን ሲወጡ ጭንዎና ባትዎ ሲለበልብዎት፣ ቆም ሲሉ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ሲለቅዎት ተሰምቶዎት ነበር ብዬ እገምታለሁ። ያኔ የሠሩት ከአሲድ፣ ከኤቲፒና ብዙ ሰው ላክቲክ አሲድ ከሚለው ከላክቴት ጋር የሚገናኙት በሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ጥናት እነዚህ ሦስት ንጥረ ነገሮች በበጎ ፈቃደኞች የአውራ ጣት ጡንቻ ውስጥ ሲወጉ፣ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ምንም አላሳመሙም፤ ተደባልቀው ሲገቡ ግን ጡንቻው ሳይሠራ የመድከምና የመክበድ ስሜት፣ መጠናቸው ሲጨምር ደግሞ ሕመም አስከትለዋል። ሰው ቆም ብሎ ሲያርፍ ደሙ ያንን ጠርጎ ይወስደዋል። ላክቴቱም ቢሆን በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ወደ ቀድሞው መጠን ይመለሳል። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ደረጃ ያስከለከለዎት ሕመም፣ ብዙ ሰው እንደሚለው «የተጠራቀመ ላክቲክ አሲድ» ሊሆን አይችልም፤ በዚያን ጊዜ ከደምዎም ከጡንቻዎም ከወጣ ሰንብቷል።

ያንን ያመጣው መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው። ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ከሚደርስ ተራራ ሲወርዱ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ የጭንዎ የፊት ጡንቻ ሰውነትዎ ተንደርድሮ እንዳይወድቅ ይይዘዋል፤ እየጠነከረ ሳለ በክብደትዎ ይለጠጣል። ጡንቻን ሲኮማተር ሳለ እንደ መለጠጥ የሚፈትነው ነገር የለም፤ በተለይ ያልለመደውን ጡንቻ። በጥቂት ክሮቹ ላይ በዓይን የማይታይ መላላጥ ይደርሳል፣ ጥገናው ይጀመራል፣ በዚያም ሂደት ብራዲካይኒን ይመነጫል። የጃፓን ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ሥራ፣ ይህ ብራዲካይኒን በጡንቻው ውስጥ ነርቭን የሚያሳድግ ሌላ ንጥረ ነገር እንዲጨምር እንደሚያደርግና፣ እርሱም የጉዳት ጠቋሚዎቹን ጫፎች ለግፊት እጅግ ስሱ እንደሚያደርጋቸው አሳይተዋል። ይኸው ንጥረ ነገር በሰው ጡንቻ ውስጥ ሲወጋም፣ ሰውየው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ያን ያህል ሳያመው፣ ሲነካና ሲንቀሳቀስ ግን ለቀናት ያመዋል። የእርስዎም እንደዚያ አልነበረምን? ተቀምጠው ሳሉ ሰላም ነበሩ፤ ሲነሡና ደረጃ ሲወርዱ ግን «ወይኔ» ያሰኝዎት ነበር። ሕመሙ የዘገየው ይህ ሁሉ ዝግጅት ጊዜ ስለሚፈልግ ነው፤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ይጀምራል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታል፣ በሳምንት ገደማ ይለቃል።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ የመልሴ መሠረት ያለው እዚህ ነውና። በሦስተኛው ቀን ጭንዎ ላይ ጣትዎን ጫን ሲያደርጉ ያመምዎት፣ ያ ጣት ጭንዎን ስለ ጎዳው አይደለም። ጠቋሚዎቹ ከወትሮው ባነሰ ነገር እንዲጮኹ ስለ ተስተካከሉ ነው። ሕመም የጉዳት መለኪያ አይደለም፤ ጠቋሚዎቹ ምን ያህል ስሱ እንደሆኑ የሚነግር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፤ ጉዳቱ ሲድን ስሱነቱም ይበርዳል፤ ጭንዎ ያደረገው ይህንን ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ስሱነቱ የሚበርድበትን ፋታ አያገኝም።

በሥራዬ ከማያቸው ሰዎች መካከል ልብስ ሰፊዎች ጥቂት አይደሉም፤ የብዙዎቹም ታሪክ ከእርስዎ ጋር ይመሳሰላል። በስፌት መኪናው ላይ አጎንብሰው ሲውሉ የትከሻዎ ጡንቻ ምንም ከባድ ነገር አያነሣም፤ ነገር ግን ለአንድ አፍታ እንኳ አይፈታም። በዝግታ ግን ያለ ማቋረጥ የሚሠራ ጡንቻ ጥቂት የሆኑትን ክሮቹን ያለ ዕረፍት ያሠራል፤ በሚኮማተርበት ቦታም በውስጡ የሚያልፉትን ትንንሽ የደም ሥሮች ይጫናል። ደም በበቂ ሁኔታ ሲያጥረው አሲዱ ይከማቻል፣ በሮቹ ይከፈታሉ፣ ጫፎቹ ይቆጣሉ። ማታ ሲያርፉ ይበርዳል፤ በማግሥቱ እንደገና ይጀምራል። ለስምንት ወር በየቀኑ ይህ ሲደጋገም ነገሩ ከትከሻው ያልፋል፤ መልእክቱን የሚቀበለው ኅብለ ሰረሰርም አብሮ ስሱ ይሆናል። ክሊፎርድ ዉልፍ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 በአይጦች ይህንን አሳየ፤ በተከታዩ ዓመት ከፓትሪክ ዎል ጋር ባወጣው ሥራ ደግሞ ከጡንቻ የሚመጡት ቀጭን ነርቮች ኅብለ ሰረሰርን የሚያነቁት ከቆዳ ከሚመጡት ይልቅ እጅግ ለረዘመ ጊዜ መሆኑን አረጋገጠ። ቆዳ ሲቆረጥ ያመንና እንረሳዋለን፤ ጡንቻ ግን የሚያስታውሰው ይበዛል።

ወደ ጆሮ ግንድዎ የሚወጣውም ሌላ በሽታ አይደለም። ከትከሻና ከማጅራት ጡንቻ የሚመጡ ነርቮችና ከራስ የሚመጡ ነርቮች በአንገት ውስጥ ባለው የኅብለ ሰረሰር የላይኛው ክፍል ተመሳሳይ ሕዋሳት ላይ ይገናኛሉ፤ አንጎል መልእክቱ ከየት እንደመጣ መለየት ያዳግተዋል። ጆን ኬልግረን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1938 ለንደን ውስጥ በራሱና በፈቃደኞች ጡንቻ ላይ የጨው ውሃ እየወጋ፣ ሕመሙ ከተወጋበት ቦታ ርቆ እንደሚሰማ መዝግቧል። ስለዚህ ራስዎን ባመመዎት ቁጥር የራስ ሕመም መድኃኒት ከመዋጥ፣ ትከሻውን ማከም ይቀድማል።

ስለ ተሰጡዎት ምክሮች በቅንነት ልናገር። «ብርድ ነው» የሚሉት ጎረቤቶችዎ የሚያመለክቱት እውነት አለ፤ ብዙ ሰው በቀዝቃዛ ቀን ትከሻው ጠንከር ይልበታል፣ ሙቀት ሲያገኝ ደግሞ ይፈታለታል። ብርድ ግን በሰውነትዎ ውስጥ ገብቶ የተቀመጠና መውጣት ያለበት ነገር አይደለም። በሞቀ ውሃ የተነከረ ፎጣ ለሩብ ሰዓት ያህል ማድረጉ መልካም ነው፤ ቆዳ እንዳያቃጥል ብቻ ይጠንቀቁ። አያቶቻችን ከመንገድ የመጣን እንግዳ እግሩን በሞቀ ውሃ ያጥቡት የነበረውም ለክብር ቢሆንም፣ ለደከመ ጡንቻም ትልቅ ውለታ ነበር።

የነርቭ መርፌ የሚባለው የቫይታሚን ቢ ዓይነቶች ድብልቅ ነው። ቫይታሚኑ ለጎደለው ሰው፣ ለምሳሌ እግሩና እጁ ለሚደነዝዝ ቢ12 ላነሰው፣ እውነተኛ መድኃኒት ነው። ለእርስዎ ግን መደንዘዝም ሆነ መውረር እንደሌለዎት ከደብዳቤዎ እረዳለሁ፤ ያልጎደለን ነገር በመርፌ መሙላት የተቆጣን የነርቭ ጫፍ አያበርድም። ከዚህም በላይ ቫይታሚን ቢ6 በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭን እንደሚጎዳ የታወቀ ነው። ስለዚህ ያለ ምርመራ አይወጉ።

ወጌሻን በተመለከተ እኅትዎን አታስቀይሟት፤ ነገር ግን አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ። በቅባት ለስለስ አድርጎ ማሸት ይጠቅማል፤ ሮናልድ ሜልዛክ የተባለ ተመራማሪና ከላይ ያነሣሁት ፓትሪክ ዎል እ.ኤ.አ. በ1965 እንዳስረዱት፣ የመነካት መልእክት የሚያመጡት ወፍራም ነርቮች በኅብለ ሰረሰር ላይ የሕመሙን መልእክት ይጋፉታል፤ ልጅ ሲወድቅ እናቱ የምታሸው ለዚሁ ነው። አንገትን በድንገት መጠምዘዝና ማንቋቋት ግን ወደ አንጎል ደም የሚወስዱትን የአንገት ደም ሥሮች ሊቀድድ ይችላል። «ይታሽልኝ እንጂ አንገቴ አይጠምዘዝ» ብለው አስቀድመው ይናገሩ፤ ካልተስማሙ ይመለሱ።

ዋናው ሕክምና ያለው በእርስዎ እጅ ነው፤ ቀላል መስሎ ስለሚታይ ግን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ጠቋሚዎቹ እንዲበርዱ የሚያደርገው ረጅም ዕረፍት አይደለም፤ ፋታና እንቅስቃሴ እየተፈራረቁ ሲደጋገሙ ነው። በየሃያ ወይም በየሠላሳ ደቂቃው፣ አንድ ስፌት ጨርሰው ክሩን ሲቆርጡ፣ እጅዎን ከመኪናው ያውርዱና ትከሻዎን ወደ ጆሮዎ ከፍ አድርገው ቀስ ብለው ይልቀቁት፤ አሥር ጊዜ ያህል። አንገትዎን በዝግታ ግራና ቀኝ ያዙሩ፣ ተነሥተው ጥቂት ይራመዱ። የወንበሩን ከፍታ ክርንዎ ከመኪናው ጠረጴዛ ጋር እኩል እስኪሆን ያስተካክሉ፤ ትራስ ቢጨመርበትም ይበቃል። ብርሃኑ ከፊት ይምጣ፤ ለማየት ማጎንበስ ራሱ ግማሹ ችግር ነው፤ በዕድሜዎ የንባብ መነጽር የሚያስፈልግዎት ከሆነም ይመርመሩ። በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ በየእጅዎ ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘ ጠርሙስ ይዘው ክንድዎን ወደ ጎን እስከ ትከሻዎ ያንሡ፤ በስምንት ይጀምሩ፣ በየሳምንቱ ጥቂት ይጨምሩ። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ያምዎታል። በማግሥቱ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ልክ ነው፤ ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ መጠኑን ይቀንሱ እንጂ አይተዉት። ለውጡን በቀን ሳይሆን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ይለኩት። እንቅልፍዎንም ይጠብቁ፤ በቂ ያልተኛ ሰው ለሕመም ይበልጥ ስሱ እንደሚሆን በተደጋጋሚ ታይቷል።

መድኃኒትን በሚመለከት፣ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የሚሠሩት ጠቋሚዎቹን የሚያስቆጣው ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት በማድረግ ነው። ችግሩ ያው ንጥረ ነገር የጨጓራን ግድግዳ የሚጠብቅም መሆኑ ነው። የጨጓራ ሕመም ስላለብዎት እነዚህን በአፍም ሆነ በመርፌ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይወስዱ፤ በመርፌ መሆኑ ጨጓራን አያድንም፣ በደም በኩል ይደርሰዋልና። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ እየዋሉ እነዚህን የሚውጡ ሰዎች አውቃለሁ፤ ከዚህ የባሰ አወሳሰድ የለም። ሕመሙ በሚበረታበት ቀን ፓራሲታሞል ይሻልዎታል፤ ጤናማ ጉበት ላለው አዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለትም ከስምንት ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ መብለጥ የለበትም። የሚቀባ ዳይክሎፌናክም ወደ ደም የሚገባው መጠን አነስተኛ ስለሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁበት።

ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶችም አሉ። ከከባድ ጉዞ በኋላ ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረና ጡንቻው ካበጠ፣ የተጎዳ ጡንቻ ይዘት ኩላሊትን እየጎዳ ሊሆን ይችላል፤ ያ የሰዓታት እንጂ የቀናት ጉዳይ አይደለም። እጅ ከደነዘዘ ወይም ዕቃ መያዝ ካቃተ፣ ትኩሳትና ክብደት መቀነስ ከታከለበት፣ አንድ ባት ብቻ አብጦ ከሞቀ፣ አይዘግዩ። የኮሌስትሮል መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ አንዳንዶቹ ጡንቻን ያሳምማሉ። በተለይ ዳገት ሲወጡ ደረትን የሚያጨናንቅ፣ ወደ ትከሻ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድና ሲቆሙ የሚለቅ ሕመም ካለ የትከሻ ነው ብለው አይለፉት። ልብም ጡንቻ ነው፤ ደም ሲያጥረው የሚቆጡ የራሱ ጠቋሚዎች አሉት፣ እነርሱም ቦታቸውን እንዲሁ ያሳስታሉ።

ለጥቅምት አቦ እንደገና ዝቋላ ለመውጣት ካሰቡ፣ ጭንዎን ከነሐሴ ጀምረው ያለማምዱት። በሳምንት ሁለት ቀን ደረጃ ወይም ቁልቁለት ቀስ ብለው ይውረዱ፤ መውጣቱን ሳይሆን መውረዱን ነው የሚለማመዱት፤ በአሥር ደቂቃ ጀምረው እስከ ግማሽ ሰዓት ያድርሱት። አንድ ጊዜ የተፈተነ ጡንቻ ያንኑ ሥራ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሳይጎዳ ይችለዋል። በዕለቱ ዱላ ይያዙ፣ ሲወርዱ እርምጃዎን ያሳጥሩ። ከወረዱም በኋላ በማግሥቱ ከአልጋ ሳይቀሩ በሜዳ ላይ ጥቂት ይራመዱ።